ቆሻሻ የሚበላው ደቦ ምን ጎደለው?

ባለፈው ዓመት የግቢያችን ሽንት ቤት ሞላ። አራት ቤተሰብ የምንጋራው ጉድጓድ ነው። መኪና ጠርቶ ማስመጠጥ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ ቢገኝ ደግሞ ወረፋው አለ። በዚህ መሀል አንዱ ጎረቤታችን "መድኃኒት" ይዞ ከች አለ። በትንንሽ ከረጢት የታሸገ ቡናማ ዱቄት ነው። ሻጩ "ባክቴሪያ ነው፤ ቆሻሻውን በልቶ ይጨርሰዋል፤ ከእንግዲህ መኪና አያሻችሁም" ብሎ አሳምኖታል። አዋጥተን ገዛን። ለብ ባለ ውኃ በባልዲ በጠበጥነው። ደፋነው። ጠበቅን። ሽታው ለጥቂት ቀን የቀነሰ መሰለን፤ እንዲቀንስ ስለፈለግንም ይሆናል። ጉድጓዱ ግን ፈቀቅ አላለም።

የግቢያችን ታላቅ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አሮጊት፣ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ወደ ጉድጓዱ አዩና "ልጆቼ፣ እዚህ ውስጥ ትል ጠፍቶ ነው ከገበያ የምትገዙት?" አሉን።

ሳቅን። ማታ ላይ ግን ጥያቄያቸው አልለቅ አለኝ። ምክንያቱም እማማ ልክ ናቸው። ከሰገራ ደረቅ ክብደት ውስጥ ሩቡ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ የሚሆነው ራሱ ባክቴሪያ ነው። ትሪሊዮኖች በሚርመሰመሱበት ጉድጓድ ላይ አንድ ማንኪያ ዱቄት መጨመር ባሕር ላይ ውኃ እንደ መድፋት ነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የክዋዙሉ ናታል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዲህ ያሉ የጉድጓድ ዱቄቶችን በላብራቶሪም በእውነተኛ ሽንት ቤቶችም ሞክረዋቸው ነበር። ዱቄት በተጨመረበትና ባልተጨመረበት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ጉድጓዱ የሚሞላው የሚበላ ጠፍቶ አይደለም። ሊበላ የሚችለው ተበልቶ አልቆ፣ የቀረው የማይበላው ስለሆነ ነው፤ አፈሩ፣ ፌስታሉ፣ ጨርቁ፣ ለመፍረስ ዓመታት የሚፈጀው ቃጫ።

በአፈርና በውኃ ብክለት ላይ በሰማሁት ወሬ ሁሉ ይኸው ስህተት ተደጋግሞ ያጋጥመኛል። ወንዝ ሲበከል፣ ነዳጅ ሲፈስ፣ ፕላስቲክ ሲከመር፣ ሰው የሚጠይቀው "የሚበላው ባክቴሪያ አልተገኘም ወይ?" ብሎ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ተገኝቷል። እዚያው ነበረ። የጎደለው ሌላ ነገር ነው።

ደቦ የሚያውቅ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ደቦ የሚጠራ ገበሬ አስቀድሞ ጠላ ይጠምቃል፣ ንፍሮ ይቀቅላል፣ በሬ ያዘጋጃል። ሰው ሞልቶ ጠላው ከሌለ፣ ደቦው እስከ ረፋድ ቆይቶ ይበተናል። እኛ ደግሞ በተሕዋስያኑ ዓለም የምንሠራው ተገላቢጦሹን ነው። ያሉትን ሳናበላ ተጨማሪ ሠራተኛ እንጠራለን።

ፍርድ ቤት የደረሰው ባክቴሪያ

የ"አንድ ጀግና ባክቴሪያ" ተስፋ ዛሬ የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካው ጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ይሠራ የነበረ አናንዳ ቻክራባርቲ የሚባል ትውልደ ህንድ ሳይንቲስት ነበር። የድፍድፍ ነዳጅን የተለያዩ ክፍሎች የመሰባበር ችሎታ በተለያዩ ባክቴሪያዎች ላይ ተበታትኖ እንደሚገኝ ያውቃል። ችሎታዎቹን ሰብስቦ በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ አስገባቸው። ኩባንያው ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ ጠየቀ፤ የፓተንት መሥሪያ ቤቱ "ሕይወት ላለው ነገር ፓተንት አንሰጥም" አለ። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1980 በ5 ለ4 ድምፅ ለቻክራባርቲ ተፈረደለት። የዛሬው የባዮቴክኖሎጂ ንግድ ብዙ ነገሩን የቆመው በዚያ ፍርድ ላይ ነው።

ባክቴሪያውስ? ባሕር ላይ የፈሰሰ ነዳጅ ለማጽዳት አንድም ቀን አልተሰማራም።

አንዱ ምክንያት በላብራቶሪ የተለወጠን ፍጡር ሜዳ ላይ መልቀቅ ያስፈራ ስለነበር ነው። ግን ቢለቀቅም ኑሮው ቀላል አይሆንለትም ነበር። ላብራቶሪ ውስጥ ተቀልቦ ያደገ ባክቴሪያ ውጭ ሲወጣ ብርድ አለ፣ ረሃብ አለ፣ እሱን ቀለብ የሚያደርጉ ሌሎች ጥቃቅን ፍጥረታት አሉ። የቀዬው ተወላጆች ደግሞ ያችን ቦታ ለሺህ ትውልድ ኖረውባታል። እንግዳው ጎበዝ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይመናመናል።

እርሾ ያላት ሴት ማንቸስተርን ታውቀዋለች

ተሕዋስያንን በማሠራት በኩል የሰው ልጅ ያገኘው ትልቁ ስኬት ዜና ሆኖ አያውቅም። የፍሳሽ ማጣሪያ ነው። አጀማመሩን ግን ማንኛዋም እንጀራ ጋጋሪ ያለ አስተማሪ ትረዳዋለች።

እ.ኤ.አ. በ1914 ኤድዋርድ አርደርን እና ዊሊያም ሎኬት የሚባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ማንቸስተር ውስጥ የከተማ ፍሳሽ በጠርሙስ ይዘው አየር ይነፉበት ነበር። መጀመሪያ ላይ ፍሳሹ እስኪጠራና አሞኒያው እስኪያልቅ አምስት ሳምንት ገደማ ፈጀ። ማን ይጠብቃል? ከዚያ በፊት የሞከሩ ሰዎች የጠራውንም የዘቀጠውንም አንድ ላይ ይደፉ ነበር። እነዚህ ሁለቱ ግን የጠራውን ብቻ ቀዱና ታች የዘቀጠውን ቡናማ ዝቃጭ አስቀሩት። በላዩ አዲስ ፍሳሽ ጨመሩ፣ እንደገና አየር ነፉ። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው ፈጠነ። ሦስተኛው ደግሞ የበለጠ። እንዲያ እያሉ አምስት ሳምንቱን ከአንድ ቀን በታች አወረዱት።

ይኸው ነው እርሾ። ሊጡ ሲቦካ ከላይ የሚጠለውን ቢጫ ውኃ ቀድታ ለሚቀጥለው ቡኮ የምታስቀምጥ ሴት የምትሠራው ይህንኑ ነው። እርሾ የሌላት ሙሽራ ከጎረቤት ትለምናለች እንጂ ከፋርማሲ አትገዛም። በእርሾው ውስጥ ያለው ደግሞ አንድ ዓይነት ፍጡር አይደለም። ፈንገሱም፣ አሲድ የሚያወጡት ባክቴሪያዎችም አብረው ናቸው፤ አንዱ ያበላሸው የሚመስለውን ሌላው ይጨርሰዋል። ቤት ሲቀየር፣ ውኃው ሲቀየር፣ ጤፉ ሲቀየር ጥቂት ጊዜ "አልቦካ አለኝ" ይባልና ይስተካከላል። ተሕዋስያኑ ከአዲሱ ሁኔታ ጋር እየተላመዱ ነው።

የማንቸስተሩን ዝቃጭ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር ያየ ሰው የሚያየው መንደር ነው። ባክቴሪያዎቹ ልክ እንደ ተባዘተ ጥጥ እርስ በርስ ተጣብቀው ጉብታ ሠርተዋል። በጉብታው ላይ ደወል የሚመስሉ፣ ባለ ግንድ ፍጥረታት ተተክለዋል፤ ግንዳቸውን እንደ ሞላ እየሰበሰቡና እየዘረጉ በአጠገባቸው የሚንሳፈፈውን ባክቴሪያ ይለቅማሉ። ውኃው የሚጠራው በከፊል እነሱ ስለሚለቅሙት ነው። የማጣሪያ ጣቢያ ባለሙያ እነዚህን ደወሎች በብዛት ሲያይ ደስ ይለዋል።

ሥራው ደግሞ ቅብብሎሽ ነው። ሽንት ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ውሰዱ። አንዱ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይቱ መርዝ ነው፤ ሌላው ወገን ተቀብሎ ናይትሬት ያደርገዋል። ሁለቱም ኦክስጅን ይፈልጋሉ። ሦስተኛው ወገን ግን ኦክስጅን በሌለበት ጥግ ሆኖ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይለውጥና ወደ አየር ይለቀዋል። ጣቢያው አየር ያለበትና የሌለበት ገንዳ ጎን ለጎን የሚኖረው ለዚህ ነው። አንዱ ወገን ከታመመ ሰንሰለቱ በሙሉ ይቆማል።

ዩሪያ የተረጨበት የባሕር ዳርቻ

አሁን ወደ ነዳጅ እንሂድ። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1989 ኤክሶን ቫልዴዝ የተባለች ነዳጅ ጫኝ መርከብ አላስካ ውስጥ ከዐለት ጋር ተጋጨች። 41 ሚሊዮን ሊትር ገደማ ድፍድፍ ባሕር ላይ ፈሰሰ። ማዕበሉ በ2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የባሕር ዳርቻ ላይ በተነው።

በዚያ ዳርቻ ነዳጅ የሚበሉ ባክቴሪያዎች ከመርከቧ በፊትም ነበሩ። ድፍድፍ ነዳጅ ከመሬት ሥር በተፈጥሮ እየሰረገ መውጣቱ ለሚሊዮን ዓመታት የኖረ ነገር ነው፤ የሚበላውም አብሮት ኖሯል። ችግሩ ምግቡ ያልተመጣጠነ መሆኑ ነው። ነዳጅ ማለት ካርቦንና ሃይድሮጅን ነው። ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የለውም ማለት ይቻላል። ባክቴሪያ ደግሞ ያለ እነሱ ፕሮቲንም ዘርም መሥራት አይችልም። ልክ ቅባት ብቻ እየበላ አድግ እንደተባለ ልጅ ነው።

የእኛ ገበሬ ስንዴው ቢጫ ሲሆንበት ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ዩሪያ ይበትናል። አላስካም ላይ የተደረገው ይኸው ነው፤ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያለበት ማዳበሪያ ዳርቻው ላይ ተረጨ። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ከተረጨባቸው የሙከራ ቦታዎች አንዱ ከሄሊኮፕተር ሲታይ በጥቁሩ ድንጋይ መሀል ጥርት ያለ አራት ማዕዘን ሆኖ ነበር። ባክቴሪያ አልተጨመረም። ማዳበሪያ ብቻ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ይል ነበር። ግን ከ20 ዓመት በኋላም በዚያ ዳርቻ ጠጠሩን ትንሽ ቆፈር ሲያደርጉት ያ ነዳጅ አለ። ሽታው እንኳን አልለቀቀም። ያጠኑት ሰዎች ያገኙት ምክንያት ቀላል ነው። የላይኛው የጠጠር ንብርብር ልቅ ስለሆነ የባሕሩ ውኃ ኦክስጅን ይዞ ይገባበታል። የታችኛው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ውኃው እንደልቡ አይዘዋወርም፤ ኦክስጅን አይደርስም። በአንድ እጅ ጥልቀት ልዩነት አንዱ ነዳጅ በወራት ተበላ፣ ሌላው ዓመታትን ተሻገረ። ተመጋቢዎቹ በሁለቱም ንብርብር አሉ። ታች ያሉት አየር አጥተው ነው።

የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ ሌላ ነገር አሳየን። ኤፕሪል 20 ቀን 2010 ዲፕዋተር ሆራይዘን የተባለው የነዳጅ መቆፈሪያ መድረክ ፈነዳ፤ 11 ሠራተኞች ሞቱ። ከ1,500 ሜትር ጥልቀት ነዳጅና ጋዝ ለ87 ቀናት ሲፈስ ቆየ። እዚያ ጥልቀት ላይ ውኃው 5 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ፍሪጅ ማለት ነው። ብዙ ሰው በዚህ ብርድ ማን ይሠራል ብሎ ነበር። ሠሩ። በነዳጁ ደመና ውስጥ ኦሽያኖስፒሪላሌስ ከሚባለው ወገን የሆኑ ባክቴሪያዎች በፍጥነት ተባዝተው ከሌላው ሁሉ በለጡ። እነሱ ቀላሉን የነዳጅ ክፍል ሲጨርሱ ተራቸውን ለሌሎች ለቀቁ፤ ከበድ ያለውን ባለ ቀለበት ሞለኪውል የሚሰባብሩት ኋላ መጡ፤ የሌሎቹን ተረፈ ምርት የሚበሉት ደግሞ ከእነሱ በኋላ። ሠርግ ቤት እንደሚሆነው ነው። መጀመሪያ እንግዳው፣ ከዚያ አስተናጋጁ፣ መጨረሻ ላይ ድስት አጣቢዋ። ሁሉም በልቶ ይሄዳል።

መሀል መንገድ ላይ ሲቆም

ደቦ ሁሌ ሥራውን ይጨርሳል ማለት ግን አይደለም። አደገኛው ነገር ግማሽ መንገድ ላይ የሚቆመው ነው።

ደረቅ እጥበት ቤቶች ልብስ የሚያጥቡበት፣ ጋራዦችና ፋብሪካዎች ግራሶ የሚያጸዱበት ክሎሪን ያለበት ፈሳሽ አለ። በአሜሪካና በአውሮፓ ለአሥርት ዓመታት ያለ ጥንቃቄ ሲደፋ ኖሮ የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ገብቷል። ከውኃ ስለሚከብድ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ቆፍሮ ማውጣት አይታሰብም። ተሕዋስያን ግን ኦክስጅን በሌለበት ክሎሪኑን አንድ በአንድ ይነቅሉለታል። አራት ክሎሪን ያለው ሦስት ይቀረዋል፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አንድ። አንድ ክሎሪን የቀረው ቪኒል ክሎራይድ ይባላል። ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነው። ከመነሻው በካይ የባሰ ማለት ነው። ብዙዎቹ ተሕዋስያን ሁለት ክሎሪን ላይ ይደክማሉ። የቀሩት ጥቂቶች እዚያች ቪኒል ክሎራይድ ላይ ቢቆሙ ጉድ ነው።

እስከ መጨረሻው የሚሄድ አንድ ወገን ተገኝቷል። ዲሃሎኮኮይደስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1997 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ለብቻው ለይተው አሳደጉት። እንግዲህ ጀግናው ተገኘ ትላላችሁ። ግን ይህ ጀግና ለብቻው ሲቀመጥ ሽባ ነው። ጉልበት የሚሆነውን ሃይድሮጅን ሌሎች ናቸው አብላልተው የሚሰጡት። ቫይታሚን ቢ12 ካላገኘ ክሎሪኑን መንቀል አይችልም፤ ራሱ ደግሞ ቫይታሚኑን መሥራት አያውቅም። እሱንም ከጎረቤት ነው የሚለምነው። ትንሽ ኦክስጅን ከነካው ይሞታል፤ ስለዚህ ኦክስጅኑን ቀድመው የሚጨርሱለት ያስፈልጉታል። ዛሬ የተበከለ ጉድጓድ ውስጥ የሚጨመረው ብዙ ጊዜ እሱ ብቻውን አይደለም፤ ሙሉ መንደሩ ከነቀለቡ ነው። የሚሰጣቸውም ነገር የሚገርም ነው፤ እንደ ምግብ ዘይት ያለ ነገር ወይም ሞላሰስ።

የእኛው ስምጥ ሸለቆም ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነገር ያውቃል። ለወባ መከላከያ በየቤቱ ግድግዳ ዲዲቲ ሲረጭ ኖሯል። የአፈር ተሕዋስያን ዲዲቲውን ይነካኩታል፤ በአብዛኛው ግን ዲዲኢ ወደሚባል ዘመዱ ይለውጡትና እዚያ ላይ ይቆማሉ። ዲዲኢ ደግሞ ግትር ነው፤ ስብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። በዝዋይና በሐዋሳ ሐይቅ ዓሦች ላይ ምርመራ ሲደረግ የተገኘው ቅሪት ይኸው ዓይነት ነው።

አቃቂ ለምን ይሸታል?

አዲስ አበባ ውስጥ ድልድይ ሲሻገሩ መስኮት መዝጋት የተለመደ ነው። "ወንዙ ሞቷል" ይባላል። እኔ አባባሉ ላይ ቅር ይለኛል። ያ ሽታ የሞተ ነገር ሽታ አይደለም። ተሕዋስያኑ አየር አጥተው የሚሠሩበት ሽታ ነው።

ሂሳቡን እንየው። ንጹሕ ውኃ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ ባሕር ጠለል ላይ፣ በሊትር 9 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። እዚህ ውኃው ቢጠግብ ቢጠግብ 7 ሚሊግራም ገደማ ነው። አንድ ሊትር የቤት ፍሳሽ ደግሞ ውስጡ ያለው ምግብ እስኪበላ በተለምዶ 200 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ኦክስጅን ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ሊትር ፍሳሽ ወደ 30 ሊትር የሚጠጋ ንጹሕ ውኃ ያዘለውን ኦክስጅን ጠጥቶ ይጨርሳል። በጋ ላይ ቀጨኔ ወይም ቀበና ወንዝ ውስጥ ያን ያህል ንጹሕ ውኃ የት አለ?

ኦክስጅኑ ሲያልቅ ተረኞቹ ይመጣሉ። በኦክስጅን ፈንታ ናይትሬት የሚተነፍሱት ይቀድማሉ። ናይትሬቱም ሲያልቅ ሰልፌት የሚተነፍሱት ይተካሉ። እነሱ የሚያወጡት ጋዝ ነው የተበላሸ እንቁላል የሚሸተው። ያ ጋዝ ጭቃው ውስጥ ካለው ብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁር ይሆናል፤ የወንዙ ዳር ጭቃ እንደ ጥላሸት የጠቆረው በአብዛኛው ለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ሚቴን የሚሠሩት አሉ፤ ረጋ ባለበት ቦታ ከሥር ፊኛ ቡልቅ ቡልቅ ሲል የሚታየው የእነሱ ነው። ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው። ጭነቱ ግን ከአቅማቸው በላይ ነው።

ትልቁና ትንሹ አቃቂ አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። ለኤሌክትሪክ የተሠራው ያ ግድብ ዛሬ ሳይፈልግ የከተማው ማጣሪያ ገንዳ ሆኗል። ውኃው ይረጋል፣ ዝቃጩ ይሰምጣል፣ ተሕዋስያኑ የሚችሉትን ይበላሉ፤ የተረፈውን ማዳበሪያ እንቦጭ ይበላዋል። ከዚያ ወደ አዋሽ።

ቃሊቲ ላይ ያለው ትልቁ ማጣሪያ ጣቢያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲያክም ታስቦ የተሠራ ነው። አሠራሩን እወድደዋለሁ። መጀመሪያ ፍሳሹ ከሥር ወደ ላይ፣ ኦክስጅን በሌለበት የዝቃጭ ንብርብር ውስጥ ቀስ ብሎ ያልፋል። አየር የሚነፋ ሞተር አያስፈልገውም፤ መብራት በሚጠፋበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በዝቃጩ ውስጥ አንዱ ያቦካል፣ ሌላው የቦካውን ወደ ሃይድሮጅንና አሴቲክ አሲድ ይለውጣል፣ ሦስተኛው እነዚያን ሚቴን ያደርጋል። ሃይድሮጅኑ ቶሎ ካልተበላ ሁለተኛው ወገን ሥራውን መቀጠል አይችልም፤ ስለዚህ ተጠጋግተው ነው የሚኖሩት። ከዚያ ውኃው አየር በሚዘዋወርበት መደብ ላይ ይንጠባጠብና አየር ወዳዶቹ የቀረውን ይይዙታል። ችግሩ ፍሳሹ ጣቢያው ድረስ መድረሱ ላይ ነው። በከተማዋ ብዙ ቤቶች ከመስመሩ ጋር አልተገናኙም። የወንዝ ዳር ልማቱ አበባና መናፈሻ ያማረ ነገር ነው፤ ሽታው የሚቀንሰው ግን ከመሬት ሥር በተቀበረው ቧንቧ ልክ ነው። ቧንቧ ደግሞ ሪባን አይቆረጥለትም።

ክሮሚየም አይበላም

ሞጆ ላይ ነገሩ ይከብዳል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የቤት ፍሳሽ አይደለም። ጨው አለው፣ ኖራ አለው፣ ፀጉር የሚያረግፈው ሰልፋይድ አለው፣ ከቆዳው የወጣ ፕሮቲንና ብዙ አሞኒያ አለው። ማልፊያው ደግሞ ክሮሚየም ነው።

ከሃያ ዓመት በፊት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ላይ የሙከራ ማጣሪያ ሠርተው ነበር። ብራኪሞናስ ዲናይትሪፊካንስ የተባለ ባክቴሪያ ተጠቅመው የናይትሮጅኑን ማስወገድ አሻሻሉ። እዚህ ላይ አንባቢ ሊይዘኝ ይችላል፤ "አንተ ባክቴሪያ መጨመር ዋጋ የለውም ስትል አልነበር?" ልክ ነው፣ እዚህ ጋ መጨመሩ ሠርቷል። የሠራው ግን አየር ያለበትና የሌለበት ገንዳ በየተራ ተዘጋጅቶለት፣ ለናይትሬት ተንፋሽ የሚመች ቦታ ተሰጥቶት ነው። ዱቄቱን ጉድጓድ ውስጥ ደፍቶ እንደመሄድ አይደለም።

ክሮሚየሙ ግን በማንም ሆድ አያልፍም። ነዳጅ ሲበላ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ይሆናል፤ ክሮሚየም ግን እንደ ብረት ሁሉ ንጥረ ነገር ነው፣ አይሰባበርም። ተሕዋስያን የሚችሉት መልኩን መቀየር ብቻ ነው። መርዛማውንና በውኃ የሚሟሟውን፣ ባለ ስድስት የሚባለውን የክሮሚየም ዓይነት፣ ባለ ሦስት ወደሚባለው ይለውጡታል፤ ያ ብዙም አይሟሟም፣ ጭቃው ውስጥ ይቀመጣል። ጥሩ ነገር ነው። ግን እዚያው ነው ያለው። ጭቃው ሲታረስ፣ ማንጋኒዝ ያለበት አፈር ሲያገኘው፣ በከፊል ወደ ቀድሞው መልኩ ሊመለስ ይችላል። እርሳስም ካድሚየምም እንዲሁ ናቸው። በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማ ጎመንና ሰላጣ ላይ የሚነሳው ስጋት በአብዛኛው ከዚህ ወገን ነው። ለዚህ የተሻለው ቦታ ፋብሪካው ውስጥ ነው፤ ክሮሚየሙን ከሌላው ፍሳሽ ሳይቀላቀል ለብቻው ይዞ አዝቅጦ መልሶ መጠቀም ይቻላል። አንዴ ወንዝ ከገባ በኋላ ማንም ደቦ አይሰበስበውም።

ጋራዥ ያለው ወዳጄ ይህን ሁሉ ሳወራለት ሰምቶ "እሺ የእኔስ ግቢ?" አለኝ። ለዓመታት የተቃጠለ ዘይት የጠጣ መሬት ነው፤ ሲረግጡት እንደ አስፋልት ይለጠፋል። የነገርኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ መድፋቱን አቁም። ከዚያ ያንን አፈር ቆፍረህ ሸራ ላይ ከምረው። ጭድ ቀላቅልበት፤ አየር እንዲገባው። ፍግ ጨምርበት፣ ጥቂት ዩሪያም። እንደተጨመቀ ስፖንጅ እርጥብ ይሁን፤ ጭቃ አይሁን። በየሁለት ሳምንቱ በአካፋ ገልብጠው። ወራት ይፈጃል። ዘይቱ ይቀንሳል፤ ከሞተሩ የመጣው ብረት ግን አይቀንስም፤ ስለዚህ ጎመን እንዳትተክልበት። ዝም ብሎ ሰማኝና "የሚረጭ ነገር የለውም በቃ?" አለ።

የእኛ ጉድጓድ መጨረሻውም ይኸው ሆነ። በሦስተኛው ሳምንት መኪናው መጣ። ሹፌሩ ቱቦውን እየዘረጋ ሳለ ባዶውን የዱቄት ከረጢት ጥግ ላይ አየና ፈገግ አለ። "እናንተም ገዛችሁ?" አለን። ስንት ግቢ እንዳየ እኔ እንጃ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ መጥጦ ጨረሰ። የት ነው የምትደፉት ብዬ ጠየቅኩት። ማድረቂያው ላይ፣ አለኝ። ፀሐይና ንፋስ ያለበት ሰፊ ሜዳ ላይ በስሱ ይዘረጋል፤ ውኃው ይሰርጋል፤ የቀረውን እዚያ ያሉት ይበሉታል። እማማ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው ይሰሙ ነበር። ምንም አላሉም። ከረጢቱን አነሱና ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረወሩት።